አንኮበር ማን ቀረ?

በዚህ እትም ስለ ሥዕላዊ ታሪክ፣ በተለምዶ «ኮሚክ» ስለምንለው ነገር፣ ትንሽ ላጫውታችሁ አሰብኩ። ገና ከመጀመሪያው «እሱ እኮ የሕፃናት ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉብኝ አደራ። የማነሳው ጉዳይ ጋዜጠኝነት የምንማረውን ሁላችንን ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ሴራ ማለት በድርጊቶች መካከል ያለ የምክንያትና የውጤት ትስስር ነው ተብለን ተምረናል። ትክክል ነው። ይሁንና ሁለት ዓመት ያህል በስልኬ ላይ እየሣልኩ ታሪክ ሳወራ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ሴራ ማለት ብዕሩ ማንን ተከትሎ እንደሚሄድ መወሰንም ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲለያዩ ሠዓሊው በዚያች ቅጽበት ሊከተል የሚችለው አንዱን ነው። አንዱን ሲከተል ሌላው ከሳጥኑ ውጪ ይቀራል። አንባቢም ሠዓሊው የተከተለውን ሰው ዋና ገፀ ባሕርይ ይለዋል፤ የቀረውን ቀስ በቀስ ይረሳዋል። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ይህ ምርጫ ምን ይደረጋል? ሠዓሊው ተመልሶ ይሰርዘዋል? ያስተካክለዋል? ወይስ እንዳለ ትቶት ሌላ ሥራ ይጀምራል? ሰሞኑን የያዘኝ ሐሳብ ይኸው ነው።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አንኮበርን ለማታውቁ፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ደጋው በድንገት የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከአፋፉ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ ጉም ካልሸፈነው፣ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ጉሙ ግን መሸፈን ይወዳል። ከሥር አልዩ አምባ አለች። አልዩ አምባ ዛሬ ትንሽ ከተማ ትምሰል እንጂ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ዳርቻ በበረሃ አቋርጦ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የደጋው ሰው ቁልቁል ወርዶ ይገበያል፤ ከዚያ አህያውን ጭኖ ዳገቱን ይያያዘዋል። ያንን ዳገት የወጣ ሰው ጉልበቱ ይነግረዋል እንጂ እኔ ባወራው አይገባውም።

የመጀመሪያው ኮሚኬ የዚያ ዳገት ልጅ ታሪክ ነበር። ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ ከትምህርት ቤት መልስ አህያ እየነዳ እህል የሚያመላልስ ልጅ ነው። በየሳምንቱ ስምንት ሳጥን እየሣልኩ ለጓደኞቼ በስልክ እልክ ነበር። እነሱም ለሌላ ሲያስተላልፉ፣ ያ ሌላው ለሌላ ሲያስተላልፍ ከማላውቃቸው ሰዎች «ቀጣዩስ መቼ ነው?» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ጀመር። በአርባ ክፍል አለቀ። በመጨረሻዎቹ ስምንት ሳጥኖች ልጁ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል። በሰባተኛው ሳጥን አያቱ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ዳር ቆማ ትታያለች። ስምንተኛው ሳጥን ላይ ያለው ከአውቶቡሱ መስኮት የሚታይ መንገድ ብቻ ነው። በቃ።

ይህን አጨራረስ ዛሬም እንደገና ሥሪ ብባል እንደዚያው ነው የምሠራው። ልጁ መሄድ ነበረበት። አብረውኝ ከተማሩት አንዳንዶቹ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብተዋል፣ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ዓረብ አገር የሄዱም አሉ። እኔም ይኸው ከእናንተ ጋር ቁጭ ብያለሁ። አንባቢ ደስ እንዲለው ብዬ ልጁን በግድ ባስቀረው ኖሮ ታሪኩ ከመሬቱ ይለያይ ነበር። ሴራው የሚለው «ሄደ» ነው፤ ሄደ።

ነገሩ የመጣው ከአያቴ ነው። ታሪኩ ካለቀ ከወራት በኋላ ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ አርባኛው እያነበበ ሥዕሉን ለአያቴ አሳያት። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን አተኩራ ነው የምታየው። ግማሽ ቀን ፈጀ። በመሃል ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት መጣ፣ ሄደ፤ እሷ ዓይኗን አልነቀለችም። ሲያልቅ ስልኩን ለልጁ መለሰችለትና ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ፣ እሷስ?» አለችኝ።

«ማን እማ?»

«ይቺ የቆመችዋ። ልጁስ ሄደ፤ እግዜር ይከተለው። እሷ ማታ ቤቷ ገብታ ምን አደረገች? አህያውንስ ማን አበላው?»

መልስ አልነበረኝም። አክስቴ «እማ ደግሞ! ሥዕል እኮ ነው» ብላ ሳቀች። አያቴ ግን አልሳቀችም። «ሥዕልም ቢሆን አህያ ይርበዋል» አለች።

ይህ ወቀሳ አልነበረም። ልጁ ለምን ሄደ አላለችም፤ እንዲያውም መርቃዋለች። የጠየቀችው የቀረው ታሪክ የት አለ ብላ ነው። ጥያቄውን ይዤ ወደ ትምህርቴ ስመለስ ሌሎች ሠዓሊያንና ደራሲያን ያለፈ ምርጫቸውን ምን እንዳደረጉት ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በሳጥን ከፋፍሎ ታሪክ ማውራት ትናንት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በብዙ ትናንሽ ሳጥኖች፣ ብዙውን ጊዜ በ44፣ ከፋፍለው፣ የየሥዕሉን ነገር በአማርኛ እየጻፉበት የሚሥሉ የባህል ሠዓሊያን አሉን። በላቸው ይመር ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ናቸው። ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ሳጥኑን እየተከተለ ይረዳዋል፤ አያቴ ስልኬ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከንግሥቲቱ ሳይሆን ሕዝቡ ያመልከው ከነበረው ዘንዶ ነው። የሚያልቀው ደግሞ ልጇ ቀዳማዊ ምኒልክ ከአባቱ አገር ተመልሶ እዚህ ሲነግሥ ነው። እስኪ ልብ በሉ፤ ልጁ ከኢየሩሳሌም ሲነሣ ብዕሩ ከሰሎሞን ጋር አይቀርም። ከልጁ ጋር ወደ እኛ ይመጣል። ሠዓሊው የቆመበት ቦታ ከዚህ ይታወቃል። ሠዓሊው ያለው ልጁ በሚደርስበት አገር ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2011 ዓ.ም. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከኮሌጅ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚያፈላልግ ወጣት ነው። ልዩ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ሥራ አጥ ነው ማለት ነው። ይህን ያነበበ የኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ልዩ ኃይሉ ቀርቶብን ሥራውን ባገኘን! ከዚያ በኋላ ደግሞ ሃዊ የምትባል ሴት ጀግና ያለችበት ሥራ ተከተለ። እኔን የሳበኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው ሥራ የፊተኛውን አልሰረዘም፣ አልተካም። ጀምበርን እንዳለ ትቶ ሌላ ሰው ተከተለ። አዲስ ሥራ የፊተኛውን ሥራ መካድ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳሁ።

አንኮበርም በሥዕል ስትታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። የሣላቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ ታተሙ። ከዚያ በፊትና በኋላም ብዙ እንግዶች ስለ አንኮበር ጽፈዋል። እንግዳው መጣ፣ አየ፣ ሣለ፣ ሄደ፤ መጽሐፉም አብሮት ሄደ።

የራሳችንም ትረካ ከዚህ ብዙ አይለይም። የዐፄ ምኒልክን ታሪክ ውሰዱ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ልጅ ምኒልክ ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ ትረካውም አብሯቸው መቅደላ ወጣ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ትረካው አብሯቸው ተመለሰ። ከዚያ መናገሻው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር፣ እንጦጦ ሲወጣ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የታሪክ መጽሐፉም ገጽ አብሮ ይገለጣል። ትክክል ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ንጉሡን መከተል ነበረበት። አንኮበር ግን የትም አልሄደችም። ገብሱ ይዘራል፣ ይታጨዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ይቀደሳል። ልጅ ይወለዳል፣ ክርስትና ይነሣል። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ግንቡ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ያየው፣ ድንጋዩን ያነሣው፣ ከብቱን በዚያ ያሰማራው ሰው አለ። ሠራዊቱና መኳንንቱ ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ ለማን ጠላ ጠመቁ? ማን ገዛቸው? ይህ የአያቴ ጥያቄ ነው፤ «እሷ ማታ ቤቷ ገብታ ምን አደረገች?»

ስለ አንኮበርና ስለ ሥዕል ሲነሣ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን መዝለል አይቻልም። የተወለዱት አንኮበር ነው፣ በ1925 ዓ.ም.። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው እዚያ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። ይህም በራሱ አንድ የሴራ ምርጫ ነው እንግዲህ! በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ እኔ የምመለስበት አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የመስተዋት ሥዕላቸው ነው። ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና መጪ ዘመኗን ያሳያል። በመጨረሻው ክፍል ችቦ የያዘ ቤተሰብ ወደፊት ይራመዳል። ባለ ሦስት ሳጥን ኮሚክ ነው ብል ሎሬቱ በሕይወት ቢኖሩ ይቆጡኝ ነበር መሰለኝ።

እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። አዳራሹ ሲመረቅ እ.ኤ.አ. 1961 ነበር። ያኔ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተመሠረተው በግንቦት 1955 ዓ.ም. ነው፤ ሥዕሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ማለት ነው። ሦስተኛው ሳጥን ሲሣል ነገሩ ገና አልተፈጸመም። እንግዲህ ሠዓሊ የሆነውን ብቻ አይደለም የሚከተለው፤ ገና ያልሆነውንም ቀድሞ ሄዶ ሊጠብቅ ይችላል። ከሥዕሉ በታች ተሰብስበው የፈረሙት መሪዎች ሦስተኛውን ሳጥን ሊሞሉት የመጡ ይመስለኛል።

ያለፈን ሴራ ተመልሶ የመሥራት ነገር ሲነሣ ግን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቅርብ የሆነው በዓሉ ግርማ ነው። ጋዜጠኛ ነበር፤ አዲስ ዘመንን ጨምሮ ትልልቅ ጋዜጦችና መጽሔቶችን አዘጋጅቷል። በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል»ን አሳተመ። ዋና ገፀ ባሕርይው ሐዲስ ሣህሌ የሚባል መምህር ነው፤ በዓሉ በተወለደበት በኢሉባቦር፣ ሱጴ ላይ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚለፋ ሰው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። አገሩ ተለዋወጠ፤ የመሬት ስሪቱ፣ ባለሥልጣኑ፣ ቋንቋው ሳይቀር ተለወጠ። በዓሉ ምን አደረገ? በ1975 ዓ.ም. ያንኑ ታሪክ አሻሽሎና አስፋፍቶ «ሐዲስ» በሚል ርእስ እንደገና አወጣው። ሌላ ጀግና አልፈለገም። ያንኑ መምህር ወደዚያችው ከተማ እንደገና ላከው።

አንድ ደራሲ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ወደ ራሱ ገፀ ባሕርይ ለምን ይመለሳል? እኔ እንደሚመስለኝ ገፀ ባሕርይው ስላልለቀቀው ነው። ሱጴ የትውልድ ቦታው ነች። ሰው ስለ ትውልድ ቦታው ሲጽፍ አንዴ ጽፎ የሚገላገለው አይደለም። በዚያው በ1975 ዓ.ም. ደግሞ «ኦሮማይ» ወጣ። እዚያ ብዕሩ የተከተለው ጋዜጠኛን ነው፤ የመንግሥትን ዘመቻ እንዲዘግብ አስመራ የተላከውን ፀጋዬ ኃይለማርያምን። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የሴራ ምርጫ ዋዛ አይደለም። ማንን እንደምትከተል መወሰን ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ።

ከአገራችን ወጣ ብለን ደግሞ የቤልጂጉን ሠዓሊ ኤርዤን እንይ። «ቲንቲን»ን የማያውቅ ጥቂት ነው። ኤርዤ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931፣ ቲንቲንን ወደ ኮንጎ ልኮ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ኮንጎዎች የተሣሉበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። አንድ ቦታ ቲንቲን መምህር ሆኖ ለአፍሪካውያን ሕፃናት «አገራችሁ ቤልጂግ» እያለ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤርዤ መጽሐፉን በቀለም እንደገና ሲሠራው ያንን ትምህርት አውጥቶ በሒሳብ ተካው። ሰሌዳው ላይ መደመር ተጻፈ። ልጆቹ ግን በዚያው አሣሣል ቁጭ ብለው ቀሩ።

ይኸው ሰው ሌላም መንገድ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1934 ዣንግ ቾንግረን ከሚባል ቻይናዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ቲንቲንን ወደ ቻይና ሊልከው በዝግጅት ላይ ነበር፤ ዣንግ ስለ አገሩ ነገረው፣ አሳየው፣ ጽሕፈቱን አስተማረው። «ሰማያዊው ሎተስ» የተባለው ሥራ ከዚህ ወዳጅነት ወጣ፤ ከቀድሞው ፈጽሞ በተለየ ጥንቃቄ ተሠራ። ዣንግ ራሱ ቻንግ በሚል ስም ታሪኩ ውስጥ ገባ። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ ሰሌዳው ተጠረገ። በሌላው ሰው ተጠየቀ። አሮጌውን ሳጥን ከመጠገን ይልቅ አዲሱ ሥራ የተሻለ መልስ የሆነው ሠዓሊው የሚሣለውን ሰው ቁጭ ብሎ ስላዳመጠው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልመለስ። አንዳንድ ጓደኞቼ «መጨረሻውን ቀይሪው፤ ልጁ ከአውቶቡሱ ይውረድ፣ ሰዉ ይወድልሻል» ብለውኝ ነበር። አላደርገውም። የሄደውን ልጅ አውርጄ ባመጣው የሄዱትን ሁሉ እንደ ከዳተኛ መቁጠር ይሆንብኛል። አንዳንዱ ደግሞ «ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ምን ሆነ? እሱን ቀጥይ» ይለኛል። እሱም ደህና ታሪክ ይወጣዋል። ግን የሄደ ሰው ከተማ ገብቶ የሚሆነውን የሚያወራ ፊልምም ዘፈንም ሞልቷል። እኔ የመረጥኩት ሰባተኛው ሳጥን ላይ ያቺን የቆመች ሴትዮ ነው። አዲሱ ሥራዬ የሚጀምረው አውቶቡሱ ከዓይን ሲሰወር ነው። ልጁ በሄደበት መንገድ ፊቴን ሰጥቼ የነበርኩት አሁን ዞሬ እሷን እከተላለሁ።

ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። ብዕሩ እሷ በእግሯ ከምትደርስበት ቦታ አልፎ አይሄድም። ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የዕድር ድንኳን፣ የጎረቤት ቤት፤ በቃ። ልጁ በሥዕል አይታይም። ስልክ ሲደውል ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ እሱም ኔትወርክ ካለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን መሣል ከፊተኛው በጣም ይከብዳል። የሚሄድ ሰው በየሳጥኑ አዲስ ነገር ያጋጥመዋል። የቀረ ሰው ኩበት ይጠፈጥፋል፣ እሳት ያነዳል፣ እንግዳ ይቀበላል፤ ነገም ያው ነው። አንባቢ «ታዲያ ምን ሆነ?» ሲል ምን ልበለው?

መልሱን ያገኘሁት ከአህያው ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ አህያውን የሚነዳው ሰው የለም። መኖ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። አህያውን መሸጥ ጥሩ ገንዘብ ያመጣል፤ መሸጥ ግን ልጁ አይመለስም ብሎ ለጎረቤት ሁሉ መናገር ነው። አዲሱ ታሪክ ሴራው ይኸው ነው፤ ትሽጠው ይሆን? ዐሥራ ሁለት ክፍል በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ሄጃለሁ፤ እስካሁን አልጨረስኩም። ለአያቴ በስልክ «አንቺ ብትሆኚ ትሸጪዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዋጋው ስንት ገብቷል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ቆይታ ግን «መጀመሪያ የልጁን ኮርቻ ትሽጥ፤ አህያውን ቀስ ብላ ታስብበት» አለች። ይህን እኔ ከየትም አላመጣውም ነበር። ዐሥራ ሦስተኛው ክፍል ስለ ኮርቻው ነው።

አያቴ ሥዕሉ ውስጥ ያለችው እሷ እንደሆነች ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። ሁለታችንም እናውቃለን። የምፈራውም እዚህ ላይ ነው። የቀረን ሰው መሣል ስትጀምር ማዘን ይመጣል፤ ማዘን ሲመጣ ደግሞ ሰውየው ይጠፋና እንባው ብቻ ይቀራል። አያቴ አሳዛኝ አይደለችም። በዕድር ላይ ተከራካሪ ነች፣ ገብስ ስትሸጥ ማንም አይሸውዳትም፣ ደስ ካላት ትዘፍናለች። ከእሷ ዕድሜ ጋር እሽቅድምድም ላይ መሆኔንም አውቃለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ከመላኬ በፊት የአክስቴ ልጅ ያሳያታል፤ «ይህን አልልም» ያለችው ይወጣል። ለጋዜጠኛ ይህ አይፈቀድም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ዜና ቢሆን ባለጉዳዩ አያርመውም። ሥዕሉ ግን ዜና አይደለም፤ የሁለታችን ነው።

ለዜናም ቢሆን ግን አንድ ትምህርት አለው ባይ ነኝ። ሚኒስትሩ መርቆ ሲሄድ ካሜራው አብሮ ይሄዳል። ጎርፍ መጥቶ ሲያልፍ ዘጋቢው ያልፋል። መምህራኖቻችን ተከታይ ዘገባ ሥሩ የሚሉን ለዚህ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተከታይ ዘገባ ስንል ያንኑ ባለሥልጣን እንደገና መደወል ይመስለናል። እስኪ በሚቀጥለው የመስክ ሥራችን ላይ ሁሉም መኪና ውስጥ ሲገባ አንዳችን ወደ ኋላ እንቅርና ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን ምን እንደሚያወራ እንስማ። ያ ዘገባ ለፊት ገጽ ላይበቃ ይችላል። የተዘገበለት ሰው ግን ያውቀዋል።

አህያው ይሸጥ ወይም አይሸጥ የሚል አስተያየት ያላችሁ በየኮሪደሩ ስታገኙኝ ንገሩኝ። የክፍላችን ልጆች እስካሁን ለሁለት ተከፍለዋል። እኔ ገና አልወሰንኩም። ቸር ይግጠመን!